ካልበሉ መሞቴ ነው

አንቺ የዶርሜ ፈሪ፣

ፖስትካርዱ ጠባብ ስለሆነ ሰላምታውን ወደ መጨረሻው ገፋሁት።

በበጎ ፈቃደኝነት የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ትናንት ምሳ ላይ አንድ ጡረተኛ ባቡር ነጂ ሾርባውን አልቀምስም ብለው አኮረፉ። የዚህ አገር ቋንቋ ገና አልገራልኝም፤ ሲጨንቀኝ የእኛኑ «በሞቴ» ቃል በቃል ብተረጉመው «ካልበሉ መሞቴ ነው» ሆኖ ወጣ። ማንኪያ የያዘው ሁሉ ደነገጠ። ኃላፊዋ ነርስ በሩጫ መጥታ «ምን ሆንሽ? አሞሻል?» አለችኝ። እናቴ ለአንዲት ቁራሽ ዳቦ ሦስቴ እንደምትሞትልኝ ሳስረዳት፣ ሽማግሌው ሰምተው በሳቅ ፈረሱ። «የሰው ልጅማ በሾርባ አላስገድልም» ብለው ጭልጥ አደረጉት። ዛሬ ነርሷ ራሷ በተሰባበረ አማርኛ «በሞቴ፣ በሞቴ» እያለች መድኃኒት ስታድል ዋለች።

ወደዚህ የሚያመጣሽን የዩኒቨርሲቲውን ፎርም «ቋንቋ አልችልም» ብለሽ መሳቢያ ውስጥ ቀብረሽዋል አሉ። እኔስ መች ቻልኩ? ማመልከቻው የሚዘጋው እኮ ወሩ ሲያልቅ ነው።

እማዬን ሳሚልኝ፤ «ልጅሽ ደህና ናት፣ እንዲያውም ወፍራለች» በያት። የዶርሙን ልጆች በሙሉ ሰላም በዪልኝ። ቦታ አለቀብኝ።

በሞቴ፣ ፎርሙን ሙዪው።