የአይስላንድ ስልክ ማውጫ

ሰኞ፣ ማርች 10፣ 1997። ጠዋት 1፡20፣ ባርት ባቡር ላይ

ከሳን ሊያንድሮ ወንበር አገኘሁ፣ ተመስገን። ደብተሬ፣ እስከ ፍሪሞንት ልጫጭርብሽ። ከዚያ ሳንታ ክላራ እስካለው ቢሮ አውቶቡስ ነው፤ እሱ ላይ አይጻፍም።

የአይስላንድ ሥራ ሊያልቅ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻቸውን በሙሉ፣ ሠራተኛውን ከነስልኩ፣ ኢንተርኔት ላይ እያወጣንላቸው ነው። ማውጫው የእኔ ድርሻ። ፕሮቤሽኔ፣ የሙከራ ጊዜዬ፣ ዓርብ ያልቃል። ወይ ቋሚ ከነኢንሹራንሱ፣ ወይ ተመልሼ ፓርኪንግ ካሸር።

ያው ሰኞ፣ በምሳ ሰዓት

ጉድ ሆንኩልሽ። ስሞቹን የደረደርኩት በራስ ስም ነው! የአባት ስም ትዝም አላለኝ። ምን ላድርግ፣ እኔ ባደግኩበት ሰው የሚፈለገው በስሙ ነው። አለቃዬ ፊል አየና ራሱን ይዞ ሳቀ። ስልክ ማውጫ በመጨረሻ ስም እንደሚደረደር ሕፃን ልጅም ያውቃል አለኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እስከ ነገ ወደ አባት ስም እገለብጠዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ማርች 11። ከእራት በኋላ

ገለበጥኩት። ከዚያ አንድ አድራሻ ላጣራ ብዬ አይስላንዶች የላኩትን ካርቶን ከፈትኩ። የራሳቸው የወረቀት ስልክ ማውጫ! ማንም ነክቶት አያውቅም። ገለጥኩት። በራስ ስም! ከጫፍ እስከ ጫፍ! ለካ እንደኛው ናቸው፤ አብዛኛው ሰው የእገሌ ልጅ ነው የሚባለው፣ የቤተሰብ ስም የለውም። በረዶ መሀል ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ።

ከዚያ ፈራሁ። ፊልን ተሳስተሃል ልበለው? በዚህ ሳምንት? ካርቶኑን መልሼ ዘጋሁት።

ለደረጀ ነገርኩት። ባሌ ለሰው ጉዳይ ጀግና ነው፣ ለእኛ ሲሆን ይፈራል። ሽንኩርት እየከተፈ፣ እንባው እየወረደ፣ "አንቺ ደግሞ! መጀመሪያ ፕሮቤሽንሽን ጨርሺ፣ ከዚያ ኮሬክት ታደርጊዋለሽ" አለኝ። ሳቄ መጣ። ምክሩን አልወደድኩትም። ግን ወሰድኩት።

ሐሙስ፣ ማርች 13። 11 ሰዓት፣ ወደ ቤት

ሲግሩን ከአይስላንድ መጣች። ሥራውን ለመረከብ መንግሥታቸው የላካት ናት። ረጅም፣ ሹራብ የለበሰች፣ ሁላችንንም በስማችን የምትጠራ። ወደድኳት። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ አለቃዋን በስሙ ፈለገች። የለም። ራሷን ፈለገች። የለችም። እኛ አገር ሰውን በአባቱ ስም የሚፈልግ የለም አለች፣ በትሕትና።

ፊል ቀላ። አሁን በእኔ ያሳብባል ብዬ መሬት መሬት አየሁ። ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ወደ እኔ እያመለከተ፣ እሷ በትክክል ሠርታው ነበር፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ አለ። ሰው ሁሉ ፊት!

ዓርብ፣ ማርች 14። ጠዋት፣ ባርት ላይ

ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ትናንት ስወጣ ፊል ሰጠኝ፤ የከፈትኩት ግን ቤት ገብቼ ነው። ቋሚ ሆኛለሁ፤ ዛሬ ፈርሜ መመለስ ብቻ። ግርጌው ላይ በእጁ ጽፎበታል፦ "ስላልሰማሁሽ ይቅርታ።"

ደረጀ ሲያነበው ወጥ ቤት ውስጥ እስክስታ ወረደ። እኔ ግን ያቺ መስመር አላስበላ አለችኝ። ምኑን ነው ያልሰማኝ? አልነገርኩትማ። ማክሰኞ አውቄ፣ እንግዳ ፊት ሲያፍር ቆሜ ያየሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ጠያቂው ግን እሱ።

ሄይዋርድን አለፍን። ለደረጀ አልነገርኩትም፤ ማታ ይቆጣኝ። ቆርጫለሁ። ቢሮ ስገባ፣ ቡናውን እንኳ ሳይቀዳ፣ ማክሰኞ አውቄ ነበር እለዋለሁ። ከዚያ በኋላም ከፈለገኝ እፈርማለሁ።