የዘበኛዋ አንጀት

ሰኞ፣ የካቲት 3
የጠዋት ቆጠራ፦ ምስር አሥራ አንድ ጆንያ፣ ሽምብራ ስምንት፣ ባቄላ ስድስት። አይጥ የነካው የለም። ዘበኛዋ ድመቴ ግን ዛሬ ሥራ አልገባችም። እንዳትወልድ ኦፕራሲዮን ከተደረገች አሥራ ሁለት ቀኗ። ቁስሏ ደርቋል፣ ከትናንት ወዲያ ስትሮጥ ነበር። አሁን ሚዛኑ ሥር ኩርምት ብላለች። ምግቧን አሸተተችና ፊቷን አዞረች።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4
ሦስት ጊዜ አስመለሳት። የአሸዋ ሳጥኗ ከእሑድ ጀምሮ ንጹሕ ነው... ሆዷን ስነካት ነከሰችኝ። ነክሳኝ አታውቅም።
ባለቤቴ፦ «ሲባጎ ውጣ ይሆናል። ጆንያ ስትሰፊ ቁራጩን መሬት ላይ አይደል የምትጥይው?»
እውነቱን ነው። በገዛ እጄ ይሆን?

ረቡዕ፣ የካቲት 5
በቅርጫት ይዣት ሄድኩ። ሐኪሟ ያችው የመጀመሪያውን ኦፕራሲዮን የሠራችላት ናት፣ ገና ልጅ። ስለ ሲባጎው ነገርኳት። ራጅ አነሳቻት። አንጀቷ አንድ ቦታ ላይ ተዘግቷል፣ ከዚያ በላይ ያለው ተነፍቷል።
«ዛሬውኑ መከፈት አለባት፣ እትዬ። ካደረች አንጀቷ ይሞታል።»
«ትተርፋለች?»
«ቃል አልገባም።»
ወደድኳት። «አይዞሽ፣ አንደኛ ነው» የሚል ሻጭ አላምንም።
ለድመት ብዬ ሱቅ ዘግቼ ሁለት ሰዓት ተኩል አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ጓንቷን እያወለቀች ወጣች።
«አለች። ሲባጎ ግን የለም። ያኔ እኔ የቋጠርኩት ቦታ ላይ አንጀቷ ተጣብቆ ታጥፎ ነው። አላቀነዋል። አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ ግን ከእኔ ሥራ የመጣ ነው እንጂ ከእርስዎ አይደለም።»
ሰበቡን በእጇ ሰጥቻት ነበር እኮ። «አዎ፣ ሲባጎ ነው» ብትለኝ በምን አውቅ ነበር? ሠላሳ ዓመት ስነግድ፣ የቀረበለትን ሰበብ የሚመልስ ሰው አላየሁም።

ዓርብ፣ የካቲት 7
እዚያው ሐኪሟ ጋ እንደተኛች ናት። ዛሬ ውሃ ላሰች። ተመስገን።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8
አይነ ምድር ወጣች። ሐኪሟ ራሷ ደውላ ነገረችኝ፣ ድምጿ «ልጅ ተወለደ» እንደምትል አዋላጅ።
ባለቤቴ ሳቀብኝ፦ «ለዚህም ተመስገን ተባለ? የእሷ አንጀት ታጥፎ ያንቺን አንጀት በላው በይኛ።»
ይሳቅ። ስትመለስ እንድትተኛበት ጓዳ ውስጥ የተነጠፈላት ብርድ ልብስ የማን ሆነና? የራሱ።

ሐሙስ፣ የካቲት 20
ክሯ ወጣ። ትበላለች፣ ትሮጣለች፣ ደንበኛ ትገላምጣለች። ሐኪሟን ምን ብዬ እንደማመሰግናት ጠፋኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ... አነሰብኝ።
ከሰዓት ደንበኛዬ ባለ ምግብ ቤቷ መጣች። ባለፈው የወሰደችው ምስር ነቅዟል። «ጓዳሽ እርጥበት አለው» አልኳት። አፌ ለምዶት። አመነችኝ፣ «ይሆናል» ብላ ሄደች። ሰበቡን እኔ ሰጠኋት፣ እሷ ወሰደችው።
ከዚያው ዙር የቀረውን ጆንያ ፈታሁ። ነቀዙ የእኔው ነው።
ነገ፦ በጠዋት ምግብ ቤት ሄዶ ምስሩን መቀየር። የነቀዘው እኔ ጋ መሆኑን መንገር።