ሻርፕሽ ገመዱ ላይ ነው

የሺ፣

ቁልፉን ከዚህ ወረቀት ጋር ለአከራያችን ለእማማ ላቀች የሰጠኋቸው ዘርኣይ መደበቂያውን ስለሚያውቅ ነው።
ያሳየሽው አንቺ ነሽ። «ፍቅረኛዋ አይደል» ብለሽ።

ከወጣት ማኅበር ስብሰባ ስትመለሺ በሩ ላይ ቆሞ ታገኚው ይሆናል። አትክፈቺለት። ያለቅስብሻል፤ እኔንም በመታኝ ቁጥር ያለቅሳል።
መንደፈራ አክስቴ ጋ መሄዴን እንዳትነግሪው።

ነገ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠሩ አሟታል በይልኝ።
ሻሂ ፔርሙስ ውስጥ አለ።

ሻርፕሽን አጥቤ ገመዱ ላይ አስጥቼዋለሁ። ያን ቀን አንገቴን አይተሽ «ይሄን ጣል አድርጊበት፣ ተማሪዎቹ እንዳያዩሽ» ብለሽ ስትሰጪኝ የቐንየለይ ብዬ አመስግኜሻለሁ።
ማን እንዳነቀኝ ግን አልጠየቅሽኝም።
ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።

ውጪው ይበርዳል። ቢሆንም ሻርፑን አልወሰድኩትም። አክስቴ አንገቴን ትየው።

ኣስካሉ