ፊቴ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የመታወቂያ ካርድ መሥሪያ ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ እስከ ዛሬው ሁሉ ያልተቋረጠ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ፤ ፊቴ ግን ከእኔ ጋር የለም፤ በከተማው ሰዎች ኪስ ውስጥ ተበትኖ ይገኛል። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ በኩል የጻፍኩልዎ ክብርዎን ለመንካት አስቤ አይደለም፤ በቢሮዎ በኩል ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ስለተባሉና፣ እርስዎ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ እንደማያመልጥዎ ሾፌርዎ ስለነገረኝ ብቻ ነው።

ከሥራ ብዛት ረስተውኝ ከሆነ ራሴን ላስተዋውቅ። በመሥሪያ ቤትዎ ምድር ቤት፣ የአየር ማቀዝቀዣው ሌት ተቀን በሚያጉረመርምበትና መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ የምሠራ፣ ይልቁንም እሠራ የነበርኩ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠሪ ነኝ። ለቅርንጫፍ ባልደረቦቼ ማስተማሪያ የሚሆኑ ሦስት ናሙና ፕሮግራሞች እንድሠራ አዘውኝ ነበር፤ አንዱ የፎቶ ፋይል ከፍቶ የሚያነብ፣ ሁለተኛው የፎቶ ፋይል የሚጽፍ፣ ሦስተኛው ደግሞ አንብቦ፣ በካርዱ ልክ አሳንሶ፣ መልሶ የሚጽፍ። ናሙና ማለት ልብስ ሰፊ የሆነችው እጮኛዬ ጨርቅ ከመቁረጧ በፊት በወረቀት እንደምታወጣው ልክ ነው፤ ይታይበታል እንጂ አይለበስም። እርስዎ ግን ለበሱት፤ ሪባንም ቆረጡለት። ስለዚህ ምስጋናዬን፣ በመካከሉም ጥቂት ቅሬታዎችን፣ በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ለፊቴ ስለሰጡት ከፍተኛ ግምት አመሰግናለሁ። ናሙናው የሚከፍተው አንድ ፎቶ ያስፈልገው ስለነበር የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉን ብጠይቅ ያለህን ተጠቀም ተባልኩ፤ ያለኝ ደግሞ የራሴ ፊት ነበር። ማንም እንዳይሳሳት ግንባሬ ላይ በቀይ ቀለም «ናሙና» ብዬ ጻፍኩበት። በምረቃው ዋዜማ እርስዎ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ምድር ቤት ወርደው አዩትና፣ ቀይ ቀለም የእንግዶችን ስሜት ያቀዘቅዛል ብለው እንዲጠፋ አዘዙ። ፕሮግራሙ ማንበብ ያልቻለው ፋይል ሲገጥመው «ስህተት» ብሎ መቆሙንም አልወደዱትም፤ ስህተት የሚባል ቃል በእንግዶች ፊት እንዳይታይ፣ በምትኩ ደስ የሚል ነገር እንዲወጣ ትእዛዝ ሰጡ። ፕሮግራሙ ውስጥ የነበረው ፎቶ የእኔ ብቻ ስለነበር ደስ የሚለው ነገር እኔ ሆንኩ። ይህ ለአንድ ቀን ብቻ መሆን አለበት ብዬ ለማስረዳት ስጀምር ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ከምረቃው በኋላ እናየዋለን አሉኝ፤ በማግስቱ ናሙናው ለከተማው ሁሉ ካርድ ማውጣት ጀመረ። ከእናቴ በቀር ፊቴን ደስ ይላል ብሎኝ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ውለታዎን አልረሳም።

ሁለተኛ፣ ለቅርንጫፎች ስላስተላለፉት ሰርኩላር አመሰግናለሁ። ጄፔግና ፒኤንጂ የሚባሉት ፎቶ የሚቀመጥባቸው ሁለት የተለያዩ የፋይል ዓይነቶች መሆናቸውን አንድ ሰው ነግሮዎት ኖሮ፣ ፎቶዎች ሁሉ በፒኤንጂ እንዲላኩ አዘዙ። ሰርኩላሩ እጅግ ግልጽና አጭር ነበር፤ ከማጠሩ የተነሳ እንዴት የሚለውን ረስቶታል። የቅርንጫፍ ጸሐፊዎች ደግሞ ትእዛዝ አክባሪዎች ናቸውና፣ የፎቶውን ፋይል ወስደው ከስሙ መጨረሻ ላይ ጄፔግ የሚለውን አጥፍተው ፒኤንጂ ብለው ይጽፉበታል። የፋይል ስም ስለተቀየረ ግን ውስጡ አይቀየርም፤ ውሻን ፍየል ብለው ቢጠሩት መጮኹን አይተውም። ፕሮግራሙ የዋህ አይደለም፤ የፋይሉን መጀመሪያ ገልጦ ያያል፣ ስሙና ውስጡ እንዳልተስማሙ ያውቃል፣ አላነብም ይላል። ከዚያ እርስዎ እንዳዘዙት ስህተት ከማለት ይልቅ ደስ የሚለውን ነገር ያወጣል። በዚህ ዓይነት ስሙ የሌላ፣ የትውልድ ዘመኑ የሌላ፣ ፊቱ የእኔ የሆነ ካርድ ከተማውን ሞላው። የቤት አከራዬ ካርድ እንኳ በእኔ ፊት ስለወጣ፣ በመዝገብ ደረጃ አከራይም ተከራይም እኔ ነኝ፤ ኪራዩ ግን እንደ ድሮው ከእኔ ወደ እሳቸው ብቻ ይሄዳል።

ሦስተኛ፣ የሕግ ክፍል ኃላፊዎን ስለመረጡበት ጥበብ አመሰግናለሁ። ይህን ሁሉ ለማስተካከል ጥቂት መስመሮችን መቀየር በቂ ነው፤ ጠዋት ቢጀመር ከምሳ በፊት ያልቃል። ነገር ግን ኃላፊው እንዳስረዱኝ ፕሮግራሙ ለናሙና የተሠራ ስለሆነ በመሥሪያ ቤቱ ንብረትነት አልተመዘገበም፤ ያልተመዘገበ ነገር የለም ማለት ነው፤ የሌለ ነገር እንዲጠገን መፍቀድ ደግሞ ሕገ ወጥ ነው። እንግዲያው ይመዝገብ ብዬ ብለምን፣ ለመመዝገብ መጀመሪያ መጠገን አለበት አሉኝ። እንዲህ ያለ የተስተካከለ ክብ በኮምፓስም አይሠራም።

በዚህ መሀል የራሴ ካርድ ጊዜው አለፈ። ላሳድሰው ብሄድ አዲስ ያስገዙት ፊት የሚያወዳድር ማሽን ፊት አቆሙኝ፤ ማሽኑም አይቶ አይቶ ይህ ፊት የሌሎች ሰዎች ነው ብሎ መለሰኝ። ጊዜው ያላለፈ ካርድ ስለሌለኝ ወደ ምድር ቤት መውረድ ተከለከልኩ። የበሩ ጥበቃ አባት የሚሆኑኝ ደግ ሰው ናቸው፤ ልጄ፣ አንተን አውቅሃለሁ፣ የማላውቀው ካርድህን ነው እያሉ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይመልሱኛል። እንግዲያው ልልቀቅ ብዬ መልቀቂያ ብጠይቅ፣ የሰው ኃይል ኃላፊዋ መጀመሪያ በእጅህ ያለውን ፕሮግራም አስረክብ አሉኝ፤ ላስረክብ ስል የሌለ ነገር አንረከብም አሉኝ። ዝም ብዬ ብቀር ሥራ ጥሎ በመጥፋት እከሰሳለሁ፤ ያለ መልቀቂያ ደግሞ የትም አልቀጠርም። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ሲወራ ሰምቼ አውቅ ነበር፤ አድራሻው የት እንደሆነ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። አሁን ወደ ውስጥ አልገባ፣ ወደ ውጭ አልወጣ፣ ሥራ ሲከፈት መጥቼ እንግዳ መቀበያው አዳራሽ ውስጥ እቀመጣለሁ፣ ሲዘጋ እነሳለሁ። ደመወዜ ሳይቋረጥ ስለሚገባልኝ አመሰግናለሁ፤ በዚህ መሥሪያ ቤት ለመቀመጥ ብቻ የሚከፈለን እርስዎና እኔ ሳንሆን አንቀርም።

አራተኛው የእኔ ቅሬታ አይደለም። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጡ ጡረተኛ አዋላጅ ካርዳቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አዩኝና፣ ልጄ፣ እኔ ማለት አንተ ነህ እንዴ ብለው በትሕትና ጠየቁኝ። መሆኔን አልካድኩም። ጡረታ ከፋዩ ካርዱ ላይ ያለው ሰው ራሱ ካልቀረበ አልከፍልም ብሏቸው ኖሯል። ስለዚህ ወር በመጣ ቁጥር ጥበቃውን አስፈቅጄ፣ ክንዳቸውን ደግፌ እወስዳቸዋለሁ፤ እኔ ፊት አቀርባለሁ፣ እሳቸው ይፈርማሉ፣ ከፋዩም ሕጉ ተከበረ ብሎ ይከፍላል። ስንመለስ ፊትህን እግዜር ይመልስልህ ብለው ይመርቁኛል። እኔም አሜን እላለሁ፤ ከእርስዎ ቢሮ ይልቅ ወደዚያ ያቀረብነው ማመልከቻ ቶሎ የሚታይ ይመስለኛል።

አምስተኛውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። እጮኛዬና እኔ ልንጋባ ወደ ጋብቻ መዝገብ ቤት ሄድን፤ ከሕፃንነቷ ያሳደጓት አክስቷም አዲስ ጫማ አድርገው አብረውን ነበሩ። ያው ማሽን እዚያም ተተክሏል። ፊቴን አየና ረጅም ዝርዝር አወጣ፤ መዝጋቢዋ ከስክሪኑ ላይ ታነብልን ጀመር። ባለትዳር ነህ፤ እዚህም ባለትዳር ነህ፤ እዚህ ፈተሃል፤ አንዷ ሚስትህ አርፋለች፣ ነፍስ ይማር፤ ለአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ደግሞ ሚስት ነህ አለችኝ። እጮኛዬ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። አክስቷ አልሳቁም። ደጅ ስንወጣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፣ ራሱን ከማሽን ያላስጣለ ሰው አንቺን ከምን ሊያስጥልሽ ነው አሏት፤ ከኋላቸው ስለነበርኩ ሰማሁ፤ የተነገረውም እንድሰማው ነበር።

ከዚያ ወዲህ መዝገብ ቤቱ ወደ እናንተ፣ እናንተ ወደ መዝገብ ቤቱ ትልኩኛላችሁ። እጮኛዬ ሌላ ከተማ ሱቅ አግኝታለች፤ አክስቷ ዕቃ ማሰር ጀምረዋል፤ የስፌት መኪናዋ ከግድግዳው ተነሥቶ በር አጠገብ ቆሟል። ባለፈው እሑድ፣ ባንተ አልተቀየምኩም፣ ግን ዕድሜዬን ሙሉ የሙከራ ሚስት ሆኜ አልኖርም፣ ወሩ እስኪያልቅ እጠብቅሃለሁ፣ ከዚያ እሄዳለሁ አለችኝ። ልከተላት ብል ያለ ካርድ አውቶቡስ ላይ የሚያሳፍረኝ የለም።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ፈርቻለሁ። እሷን ማጣት እፈራለሁ፤ ከዚያም በላይ ማንም ሰው ሳይከፋብኝ፣ ሁሉም ይቅርታ እያለኝና ወንበር እየሳበልኝ፣ እንዲሁ ቁጭ እንዳልኩ እንዳላጣት እፈራለሁ። የሚጣላኝ ሰው ባገኝ እጣላው ነበር፤ የሚገፋ በር ባገኝ እገፋው ነበር። ሌሊት ተኝቼም የማስበው ያንን ጥቂት መስመር ነው፤ በቃሌ አውቀዋለሁ።

ስድስተኛም ነበረኝ፤ ስለ አዳራሹ ወንበሮች ጥንካሬ ነበር፤ ትቼዋለሁ።

የምለምንዎ አንድ ፊርማ ነው። የናሙናው ሠሪ ገብቶ ይጠግነው፣ ፊቱም ከሌሎች ካርዶች ይነሳለት የሚል አንድ መስመር ትእዛዝ፣ እርስዎ ለማርቀቅ እንዳይደክሙ ራሴ አዘጋጅቼ ለጸሐፊዎ ሰጥቻለሁ። ጠረጴዛዎን ስትወለውል በጥንቃቄ አንስታ በጥንቃቄ እንደምትመልሰው ነግራኛለች፤ ስለተደረገለት እንክብካቤም አመሰግናለሁ።

ውድ ጊዜዎን ይህን ያህል ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ የጀመሩት ሁሉ እንደ ናሙናው ፕሮግራም ዕድሜው የረዘመ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

በምድር ቤት የተቀጠረ፣ በእንግዳ መቀበያ የሚኖር፣
በማሽን ዘንድ ብዙ፣ በሕግ ዘንድ ማንም ያልሆነ
ታዛዥዎ፣
የናሙናው ሠሪ

ግልባጭ፦
ለሕግ ክፍል (ስለሌለው ነገር እንዲያውቁት)
ለሰው ኃይል ክፍል
ፊቴን በኪሳቸው ይዘው ለሚዞሩ ነዋሪዎች ሁሉ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ላሽገው ስል ጸሐፊዎ በአዳራሹ ስታልፍ አገኘኋት። የእርስዎም ካርድ ጊዜው አልፎ ኖሮ እንዲታደስ ልካዋለች፤ ኃላፊዎች ማሽኑ ፊት እንዳይቆሙ ራስዎ ባወጡት መመሪያ መሠረት የላከችው ፎቶዎን ብቻ ነው። ፎቶው ጄፔግ ሆኖባት ጥቂት ተጨንቃ እንደነበርና፣ በኋላ ግን ማንንም ሳታስቸግር ስሙን ራሷ ፒኤንጂ አድርጋ እንደላከችው በኩራት ነገረችኝ። ወርጄ ባስቆመው በወደድኩ፤ አልተፈቀደልኝም። ካርድዎ ሰኞ ይደርስዎታል፤ ከሰኞ ጀምሮም በማሽኑ ዘንድ የተከበሩ ባለቤትዎ ባል እኔ ነኝ። ለእርሳቸው ያለኝን ከፍተኛ አክብሮት ይግለጹልኝና፣ ራት ላይ እንዳይጠብቁኝ ይንገሩልኝ፤ እጮኛ አለኝ።