ራሴን ለዳበሰው እጅህ

ኢሊሶኒ፣

እናቴ መንደር ሄጃለሁ። የውሃውን ቧንቧ ዘግቼዋለሁ፤ አንተ እንደሆንክ አትዘጋም። ካሳቫው ድስት ውስጥ ነው። ጨው የለውም፤ ረስቼ አይደለም።

ትናንት የካቫ ሥር ወቅጠን፣ በጥብጠን ስንጠጣ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ገና የበቀለውን ፀጉሬን እያሻሸህ፣ «ኧረ ይቺን ጫጩት እዩልኝ! የካንሰሩን መድኃኒት ጨርሳለች፤ ነገ ሸንኮራ ቆረጣ ይዣት እወርዳለሁ!» አልክ። ሁሉም ሳቁ። አፍሬ እኔም ሳቅሁ። ደረጃ ስወጣ እንኳ ጉልበቴ እንደሚከዳኝ ግን ታውቃለህ።

የአጎቴ ልጅ ስለሆንክ ልትቀልድብኝ ትችላለህ፤ ወጋችን ነው። የሰው ራስ ግን አይነካም። ሕፃን ልጅ እንኳ ይህን ያውቃል።

ሕክምና ላይ ሳለሁ፣ ሲያስመልሰኝ ራሴን ደግፈህ የያዝከው አንተ ነህ። አልረሳሁትም። ያኔ ዝም ያልኩት ታምሜ ስለነበር ነው።

መጫወቻህ ስለሆንኩ አይደለም።

ይቅርታ የምትጠይቅ ከሆነ የካቫ ሥር ይዘህ እናቴ ቤት ና። ትናንት የሳቁትንም አምጣቸው። እንደ ወጉ መሬት ላይ ተቀምጠህ፣ ራስህን ደፍተህ ሥሩን ስጠኝ።

ተቀባይ ተቀምጦ እንደሚቀበል አውቃለሁ። እኔ ግን ጉልበቴ ቢንቀጠቀጥም ከራስህ በላይ ቆሜ ነው የምቀበልህ።

ኢኖኬ