ሰሊጥ ያለባት አበባ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለማሩ ገብረማርያም፤ ካለህበት ማሠልጠኛ።

ወንድምዓለም፣ ለጤናህ እንደምን አለህ? እንደምን ከረምክ? ያ በየጊዜው የሚነሳብህ ወባ ተወህ ወይስ እዚያም ተከትሎህ መጣ? አገሩ ብርድ ነው ይላሉ፤ ጋቢህ እዚህ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ነው የቀረው፤ ሌሊት ምን ትደርባለህ? በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ማጭድ የቆረጠው እግርህስ ሽሮልሃል? እኔ እህትህ አይናዲስ አለሁ። አባዬም እማዬም አሉ። ደህና ናቸው ብዬ ልጽፍልህ ፈልጌ ነበር፤ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ይህን ደብዳቤ ሹፌሩ ዘሩ በእጄ አደርስልሻለሁ ስላለኝ ነው እንጂ በፖስታ ቢሆን ይህን ሁሉ አልጽፍልህም ነበር። ሰው ፊት ስቆም መናገር እንደሚያቅተኝ አንተ ታውቃለህ። ወረቀት ላይ ትንሽ ይሻለኛል።

ለሠርግህ አበባ ስንሠራ የነበረውን ጊዜ ታስታውሳለህ? ያን ክሬፕ የሚሉትን ሽብሽብ ወረቀት ከሱዳን፣ ከገላባት ያስመጡልኝ፣ አሠራሩንም ያሳዩኝ ጎረቤታችን እትዬ መጂዳ ናቸው። ሽብሽቡ ወደ ላይ እንዲቆም አድርጌ እንድቆርጥ፣ መሃሉን በሁለት አውራ ጣቶቼ ለጠጥ አድርጌ እንዳጎደጉደው፣ ጫፉን በእርሳስ እንድጠቀልለው አስተማሩኝ። ስቸኩል «ቀስ በዪ ያ ቢንቲ፣ ቀስ በዪ ልጄ፣ የፍየል ቆዳ አይደለም የምትገፍፊው!» ይሉኝ ነበር። ሙጫው የማሽላ ዱቄት ስለሆነ ዶሮዎቹ እየመጡ ሲለቅሙብን አንተ «ከሙሽራው በፊት እነሱ ጠገቡ» እያልክ ትስቅብን ነበር።

ያንተን አበባ ስሠራ መሃሏ ባዶ ሆነብኝ። አንተ ከአውድማ ገብተህ አየኸኝና ከኪስህ ሰሊጥ ዘግነህ ሰጠኸኝ። ሙጫ ቀብቼ ሰሊጡን ለጠፍኩበት፤ እውነተኛ አበባ መሰለች። «ንብ ተታላ መጥታ ደረቴን ብትነድፈኝ ለአሰፋች መልስ የምትሰጪው አንቺ ነሽ» አልከኝ። ሰሊጥ ያለባቸው ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዷ ያንተ፣ አንዷ የሙሽራህ የአሰፋች። የእሷን በሽማግሌዎቹ እጅ ወደ ኮኪት ላክንላት። ያንተን ለሠርጉ ቀን አስቀመጥኩ።

ከዚያ ለድግሱ ፍየል ልትገዛ ኮኪት ወጣህ። ከገበያው መሃል ለውትድርና አፍሰው ወስደውህ እኛ የሰማነው ወሬውን ነው። እዚህ መተማ አምጥተው አዳራሽ ውስጥ ሲዘጉባችሁ እማዬ ምግብ ይዛ በር ላይ ዋለች፤ ምግቡን ተቀበሏት፣ አንተን ግን አላሳዩዋትም።

አንተ ያላየኸው ይህን ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ጀምበሩ ከዘበኞቻቸው ጋር ቤታችን መጡ። ለዘማቾች ሽኝት አበባ ያስፈልጋል፣ ሱቅ ውስጥ ግን ወረቀት የለም አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ለሠርግህ የሰቀልነውን አዩና «ይኸው ተዘጋጅቶልን የለ እንዴ!» አሉ። እማዬ «የልጄ ሠርግ ነው እኮ ጌታዬ» ብትላቸው «ልጅሽም በዚሁ ነው የሚሸኘው፤ ምን ጎደለብሽ?» አሏት። አባዬ ወጥተው በረቱን ማጠር ጀመሩ። በረቱ ግን የታጠረ ነበር፤ ያንኑ እሾህ እየነቀሉ መልሰው ሲተክሉ ዋሉ። ዘበኞቹ አበባውንና ጉንጉኑን ጆንያ ውስጥ ጠቅጥቀው ወሰዱት። ያንተን አበባ ብቻ ቀሚሴ ውስጥ ደበቅኳት።

በሽኝቱ ቀን የሠራችው ልጅ ራሷ ደረታቸው ላይ ትስካላቸው ተብሎ ከሴት ተማሪዎች ጋር አሰለፉኝ። ለጫጉላ ቤትህ በር የጎነጎንኩት ጉንጉን እናንተን በሚወስደው መኪና አፍንጫ ላይ ታስሯል። አጨብጭቡ ተባለ፤ ሰዉ አጨበጨበ። ለሌሎቹ ከጆንያ የወጣውን እየሰካሁ መጣሁና አንተ ዘንድ ስደርስ ያንተን ከደረቴ አወጣኋት። ስሰካልህ መርፌ ቁልፉ ጣቴን ወጋኝ። አንተ አበባዋን አላየሃትም። እኔን አየኸኝና «አንቺም ታጨበጭቢያለሽ አይናዲስ?» አልከኝ።

አፌ ተከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ከኋላዬ ያለችው ልጅ «እለፊ እንጂ!» ብላ ገፋችኝና አለፍኩ። ዞሬ ሳይ ፊትህን ወደ መኪናው መልሰሃል።

ወንድምዓለም፣ አላጨበጨብኩም። አበባህን ይዤ በየትኛው እጄ አጨበጭባለሁ?

በማግስቱ ውሃ ልቀዳ ነው ብዬ ከኬላው ወዲያ በኮኪት መንገድ ሄድኩ። መንገዱ ዳር ብዙ አበባ ተበትኗል። እያንዳንዷን እያነሳሁ መሃሏን አየሁ፤ ባዶ ስትሆን ደስ ይለኝ ነበር። ከደረቁ ወንዝ መሻገሪያ ላይ ስደርስ ግን ጎማ የሄደባት አንዲት ነጭ አበባ አገኘሁ። ጉንዳን ሰሊጧን እየለቀመ ይወስድ ነበር። ነፋስ ይሆናል ብዬ ራሴን ላባብል ሞከርኩ። ግን መርፌ ቁልፏ ተዘግታለች፤ ነፋስ ደግሞ መርፌ ቁልፍ ከፍቶ መልሶ አይዘጋም። እዚያው አሸዋው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ገንቦዬን ባዶውን ይዤ ተመለስኩ።

አልተቀየምኩህም። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ አንተ የዓይንህን ነው ያመንከው። ግን እማዬ በየቀኑ «አበባዋን ይዟት ሄደ?» ትለኛለች፤ እኔም ደረቱ ላይ ነበረች እላታለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አሰፋች ከኮኪት መጣች። መኪናችሁ ሲያልፍ መንገድ ዳር ቆማ ነበር፤ ከአቧራው የተነሳ የማንንም ፊት አልለየችም። የእሷን አበባ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛት ነበር፤ ፈታ አሳየችኝ። አባቷ ለሌላ ሰው ሊድሯት ያስባሉ፤ እሷ ግን የሚመጣው ሰሊጥ እስኪታጨድ ጠብቁኝ ብላ እግራቸው ላይ ወድቃለች። «አቻዋ ከእሱ ጋር ናት አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ዓይኗን እያየሁ ሌላ ነገር መናገር አልቻልኩም።

እንግዲህ ወንድምዓለም፣ አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። መጻፍ ሲፈቀድልህ ለእማዬና ለአሰፋች «አበባዋ ከእኔ ጋር ናት» ብለህ ጻፍላቸው። ለእኔ ምንም ባትጽፍልኝ ግድ የለም። ያገኘኋትን በጨርቅ ጠቅልዬ ጋቢህ ውስጥ አኑሬልሃለሁ፤ ስትመጣ ማንም ሳያይ ትወስዳታለህ።

አባዬ ራስህን ጠብቅ ብለውሃል፤ ከዚህ ሌላ አልተናገሩም። እማዬ ጉንጭህን ትስማለች፤ ቁርበትህን ከመደቡ አላነሳችም፤ ማንም እንዲቀመጥበት አትፈቅድም። እትዬ መጂዳ ሰላም ብለውሃል፤ ስትመለስ ወረቀቱን ራሳቸው ከገላባት እንደሚያመጡልህ ንገሪው ብለዋል። አሰፋች ከበራችን ስትወጣ ነጠላዋን መልሳ ቋጠረችና እንዲህ ብለሽ ጻፊለት አለችኝ፦ የእኔዋ ደህና ናት፤ የእሱዋስ እንዴት ናት?

እህትህ አይናዲስ ገብረማርያም
መተማ ዮሐንስ፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.