ቤታችንን ከእናታችን ስላጸዱልን

ለተከበሩ የቤት አስዋቢና አሻሻጭ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጌታዬ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ለወገብዎ ያለኝን መልካም ምኞት በትሕትና እገልጻለሁ። ወገብዎን ለይቼ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በገዛ ቤቱ፣ በገዛ አልጋው፣ እግሩን ዘርግቶ የሚተኛ ሰው ወገቡ ደኅና እንደሚሆን ስለማውቅ፣ እርስዎም እንደዚያው ተኝተው እንደሚያድሩ ተስፋ ስለማደርግ ነው።

እኔ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገልኩ ጸሐፊ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው አቤቱታ ስገለብጥ ኖሬ የራሴን ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ አጻጻፌ ቢጎረብጥዎት ከወዲሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ደብዳቤውን በግልጽ ማውጣቴም ለክፋት አይደለም። ድርጅትዎ «በቀዘቀዘ ገበያ ቤት የምናሸጥ እኛ ብቻ» እያለ የደንበኞቹን ምስክርነት በየጋዜጣው ሲያወጣ ስለማይ፣ የእኔ ምስክርነት ብቻ ተለይቶ እንዳይጎድልብዎት ብዬ ነው።

ቤታችንን ያስታውሱት ይሆናል፤ ከጎሚስታው ፊት ለፊት ያለው፣ አራት ክፍል፣ ወደ በሩ ዘጠኝ ደረጃ የሚወጣበት። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። አባታችን ከሞተ በኋላ ሦስታችንን ያሳደገችን በሳሎኑ መስኮት ሥር በተከለችው የስፌት መኪና ነው። ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ታላቅ ወንድሜ፣ «እማዬ፣ ደረጃውን አትችይውም፤ ቤቱን እንሽጠውና እኛ ዘንድ ትሆኛለሽ» አላት። እሷም ከያዘችው ጨርቅ ቀና ሳትል «እናንተ ካላችሁ» አለች። ታናሽ እህቴ ካለችበት በስልክ ተስማማች። እኔም ተስማማሁ። ያልተስማማው ገበያው ብቻ ነበር። ዐሥራ አንድ ወር ሙሉ ሰው ይመጣል፣ ግድግዳውን በጣቱ ይቆረቁራል፣ ቧንቧውን ከፍቶ ይዘጋል፣ «እናስብበትና እንደውላለን» ብሎ በዚያው ይቀራል። ወንድሜ የእርስዎን ድርጅት ያገኘው ያኔ ነው። ስለዚህም ምስጋናዬን እንደ ሙያዬ በተራ ቁጥር ለማቅረብ እወዳለሁ።

፩ኛ/ በመጀመሪያ የማመሰግነው የባልደረባዎን አፍንጫ ነው። ቤት አስዋቢዋ ነጭ ጫማዋን እንዳደረገች በሩ ላይ ቆማ፣ ገና እግሯን ሳታስገባ፣ «ቤቱ ሰው ሰው ይሸታል» አለችን። እናቴ ደንግጣ መስኮት ለመክፈት ሄደች። ልጅቷ ግን እንዲህ ያለውን ነገር መስኮት እንደማያወጣው በትዕግሥት አስረዳችን። ገዢ የሚፈልገው የራሱን ኑሮ የሚያይበት ቤት ነው፤ የሌላ ሰው ኑሮ ከፊቱ ከተደቀነበት ይሸሻል። እውነቷን ነው። በማግስቱ ውሉ መጣልን፤ ከውሉ ጋርም «ከዕይታ የሚነሡ» የሚል ዝርዝር ተያይዞ ነበር። የቤተሰብ ፎቶግራፎች፣ የአባታችን ካፖርት፣ የስፌት መኪናው፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ በሙሉ፣ የመድኃኒት ብልቃጦች፣ ከዘራው፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ተራ ቁጥር ዐሥራ አራት ላይ «አዛውንቷ (በጉብኝት ሰዓት)» ይላል።

ወንድሜ ማንበብ ስለሚሰለቸው ውሉን ያነበብኩት እኔ ነኝ። በየገጹ ኅዳግም ፈርሜያለሁ። «አዛውንቷ» የሚለው ቃል አንድ ፊደል ተዛብቶ ስለነበር፣ የለመደ እጄ አላስችል ብሎት በቀይ እስክሪብቶ አርሜዋለሁ። ሌላ የሚታረም ነገር አልታየኝም።

፪ኛ/ ቀጥሎ የማመሰግነው ስለ አልጋው ነው። ግድግዳው ሁሉ ነጭ ከተቀባ በኋላ ሠራተኞችዎ የእናቴን አልጋ ፈትተው ጣውላውን በዕቃ ቤት አቆሙት፤ በቦታው የፊልም አልጋ የመሰለ፣ ስድስት ትራስ የተደረደረበት አልጋ ዘረጉ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «ይኼን ሁሉ ለእኔ?» አለች። ማታውን ስትጋደም አልጋው ከሥሯ ተደረመሰ። ለካ ጨርቅ የለበሰ ባዶ ካርቶን ነው! በዳሌዋ ወድቃ ሁለት ሳምንት አነከሰች። ስደውል የድርጅትዎ ጸሐፊ እናቴ ተጎድታ እንደሆነ ሳትጠይቀኝ፣ አልጋው ለዕይታ ብቻ መሆኑን በውሉ ገጽ አራት ላይ እንዳገኘው ነገረችኝ። አገኘሁት፤ ፊርማዬም ከጎኑ ነበር። በማግስቱ ሌላ ካርቶን መጣ። እናቴም ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ በዕቃ ቤት፣ ከገዛ አልጋዋ ጣውላ አጠገብ ፍራሽ ዘርግታ ተኛች። ጠዋት ስትነሣ ፍራሹን ጠቅልላ፣ በእግሯ ጣት ቆማ ወለሉን ትወለውላለች፤ ነጩ ንጣፍ አሻራ ይይዛል ተብላለች።

፫ኛ/ ለንጹሕ አየርም አመሰግናለሁ። የጉብኝት ሰዓት ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት እስከ ስምንት ስለነበር፣ እናቴ በየሳምንቱ ቦርሳዋን ይዛ ትወጣለች። መሄጃ ስለሌላት የምትቀመጠው መንገዱን ተሻግራ በጎሚስታው ደጅ፣ በተደራረበ ጎማ ላይ ነበር። ጎሚስታው ሰው አክባሪ ነውና ጎማውን በካርቶን ይሸፍንላትና «እማማ፣ ዛሬም አባረሩዎት?» ይላታል። እሷም፣ «ኧረ ምን በወጣቸው፣ እንግዳ መጥቶባቸው ነው» ትለዋለች። ስለ ገዛ ቤቷ «ባቸው» ማለት የጀመረችበትን ቀን በትክክል ማስታወስ አልቻልኩም። አንድ ቅዳሜ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዤላት ሄጄ፣ እስቲ ትንሽ ቀደም ብለሽ ግቢ ብላት፣ «ተይ፣ መኪናቸው ገና አልሄደም» አለችኝ።

፬ኛ/ አሁን ወደ ትልቁ ውለታዎ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብዕሬ ቢረዝም ይታገሱኝ። ሦስት ወር ሙሉ እንዲያ ተደርጎም ቤቱ አልተሸጠም። አስዋቢዋ ሳሎኑ መሐል ቆማ ዙሪያውን አየችና፣ «ቤቱ አምሯል፤ ግን ሕይወት ጎድሎታል» አለች። እኔ ጅል፣ ለአንድ አፍታ እናቴ ልትመለስ ነው ብዬ ደስ አለኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ከድርጅትዎ መኪና የወረዱት በሳሙና ማስታወቂያ ላይ አያት ሆነው የሚታዩት ሴትዮ ነበሩ። ፀጉራቸው እንደ ብር ያበራል፤ ጀርባቸው ቀጥ ያለ ነው፤ ከዘራ አይዙም፤ መድኃኒት መድኃኒት አይሸቱም። የተነሣው የስፌት መኪናም ከዕቃ ቤት ወጥቶ፣ ተወልውሎ፣ በቀድሞ ቦታው በመስኮቱ ሥር ተተከለ። ሴትዮዋ ከኋላው ተቀመጡ። ገዢ ሲገባ ቀና ብለው ፈገግ ይላሉ፤ ሥራቸው ይኸው ነው።

እናቴ ከጎማው ላይ ሆና ይህን ሁሉ ታያለች። አጠገቧ ቆሜ ነበርና ምን እንደምትል ጠበቅሁ። «ሲያምሩ! እኔም ገዢ ብሆን ከእሳቸው ነው የምገዛው» አለች።

በሦስተኛው ቅዳሜ ወጣት ባልና ሚስት መጡ። ሚስቲቱ ሴትዮዋን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ «አያቴን!» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሴትዮዋም በዚህ ተበረታተው መዘውሩን ማሽከርከር ጀመሩ፤ ግን ወደ ኋላ። ከመንገዱ ማዶ እናቴ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «ክሩን ሊበጣጥሱት ነው» አለችና መኪና ይምጣ አይምጣ ሳታይ ተሻገረች። ዘጠኙን ደረጃ፣ አትችይውም የተባለችውን፣ ያለ ከዘራ ወጣችው። ተከትያት ስደርስ ሳሎኑ ውስጥ ነበረች። ሴትዮዋን በትሕትና «ይቅርታ እመቤቴ» ብላ፣ ጎንበስ ብላ የተወሳሰበውን ክር ፈታች፤ ጫፉን በምላሷ አርሳም በመርፌው ቀዳዳ በአንድ ጊዜ ሰደደችው። መነጽር አላደረገችም።

ገዢዎቹ ግራ ገባቸው። ባልየው «እኚህስ?» ሲል ጠየቀ። ባልደረባዎ ሳትደናገጥ፣ እጅግ በሚያስመሰግን ፍጥነት፣ «የጽዳት ሠራተኛችን ናቸው» አለች።

ጌታዬ፣ እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። አፌ ተከፍቶ ነበር። እናቴ ዘወር ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ባልደረባዎን አየች፤ ከዚያም «አዎ» አለችና ከመስኮቱ ላይ የነበረውን መወልወያ አንሥታ፣ የራሷን የስፌት መኪና ጠርዝ ወለወለች። ሚስቲቱ «በርቱ እናቴ» አለቻት። እኔም አፌን ዘጋሁ።

ቤቱ በዚያው ሳምንት ተሸጠ። ሙያዎ ሙያ ነው፤ ማንም አይክድዎትም።

፭ኛ/ የስፌት መኪናው ከቤቱ ጋር ሄደ። ሚስቲቱ ለጌጥ ወደደችው፤ ለዕይታ የቀረበ ዕቃ ገዢ ከጠየቀ አብሮ እንደሚሰጥ ደግሞ ገጽ ሰባት ላይ ተጽፏል። ማን እንደፈረመበት ልድገምልዎት?

አሁን የጠየቁኝ ይመስል ስለ እናቴ ልንገርዎት። ወንድሜ ዘንድ ቤቱ እድሳት ላይ ነው ተብሎ «ለጊዜው» እኔ ዘንድ መጣች፤ ጊዜው ስምንት ወር ሆኖታል። ባለ ሁለት ክፍል ቤቴ ውስጥ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የምትቀመጠው። ሻይ ጠጥታ ሳትጨርስ ብርጭቆውን ታጥበዋለች። አንሶላውን ከመንጋቱ በፊት አጣጥፋ ቁም ሣጥን ውስጥ ትደብቃለች፤ መድኃኒቷን ጫማዋ ውስጥ ትወሽቃለች። ባለፈው የቆጣሪ አንባቢው በር ሲያንኳኳ ቦርሳዋን አንሥታ፣ «ግቡ ግቡ፣ ቤቱ ፀሐይ ያገኛል፤ እኔ ልወጣ ነው» አለችው። ደረጃው መሐል ደርሼባት መለስኳት። ሥራዋን በትክክል እንዳልሠራች ሰው ታፍር ነበር።

አንድ ቀን እንደምንም ጨክኜ፣ «እማዬ፣ ያን ቀን በሩ ላይ ሆኜ...» ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም። ጉልበቴን መታ መታ አድርጋ፣ «ደግ አደረግሽ ዝም ያልሽ፣ የኔ ልጅ፤ ሽያጩ ይበላሽ ነበር» አለችኝ።

ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር፤ ግን ማማረር ከመጣሁበት የምስጋና ዓላማ ያወጣኛልና እዚሁ ላይ ልግታው። ድርጅትዎ ይስፋ፤ ባልደረባዎ ነጭ ጫማዋ አይቆሽሽባት፤ እርስዎም ከልጆችዎ ጋር ረጅም፣ እጅግ በጣም ረጅም ዕድሜ ይኑሩ፤ ደረጃ መውጣት የሚያቅትዎትን፣ መድኃኒትዎ የሚሸትበትን ዕድሜ ሳያዩ እንዳያልፉ የዘወትር ጸሎቴ ነው።

ውለታዎን እስከ ዕለተ ሞቷ የማትዘነጋው፣
ለሥልጣንዎና ለጥበብዎ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣ ደንበኛዎ፣
የልብስ ሰፊዋ መካከለኛ ልጅ

ማስታወሻ፦ ድርጅትዎ በስልኬ «አገልግሎታችንን ለወዳጅ ዘመድ ይጠቁማሉ?» የሚል መጠይቅ ልኮልኝ ነበር። በደስታ ጠቁሜያለሁ። ታላቅ ወንድሜ ባለፈው ወር ስልሳ ዓመት ሞልቶት ቤቱ ተሰብስበን ነበር፤ እድሳቱ አልቆ ቤቱ አምሯል። ኬኩ እንደተቆረሰ ትልቁ ልጁ ወደ ጓዳ ጠራኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አክስቴ፣ አባዬ ሰሞኑን ጉልበቱን ያመዋል አይደል? ይህን ሁሉ ክፍል ግን ምን ያደርግለታል?» አለኝ። አድራሻዎን በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጽፌ ሰጠሁት።